ስልኩ ላይ ያለውን አፕ ማን ፈረመው? የጎግል መግቢያ ላለው አፕ አሻራ አወጣጥ

ለሰፈራችን እቁብ አንድ ትንሽ አፕ ሰራሁ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ እጣው ለማን ወጣ፤ ሌላ ነገር የለውም። መግቢያው በጎግል አካውንት ነው። እኔ ስልክ ላይ ሳምንት ሙሉ ያለ ምንም ችግር ሰራ። ፕሌይ ስቶር ላይ በወጣ ማግስት የእቁቡ ሰብሳቢ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ አላስገባ አለኝ እኮ።»

«ምን ይላል እትዬ?»

«ምንም አይልም። ኢሜሌን እመርጣለሁ፣ ብልጭ ይልና ተመልሶ እዛው ነው።»

የራሴን ከፍቼ ሞከርኩት። ይሰራል። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ምንም የለውም። ግማሽ ቀን ካቃጠልኩ በኋላ ነው የገባኝ። እኔ ስልክ ላይ ያለውን አፕ የፈረመው ላፕቶፔ ነው። እሳቸው ስልክ ላይ ያለውን የፈረመው ጎግል ነው። ፊርማው ሁለት፣ አሻራውም ሁለት። እኔ ያስመዘገብኩት ደግሞ የራሴን ብቻ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ስልኩ ላይ የተጫነውን አፕ ማን ፈረመው? መልሱን ካወቃችሁ አሻራውን ማውጣት የሁለት ደቂቃ ስራ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትእዛዞቹን ለጓደኛ በስልክ እንደሚነገር አድርጌ በቃል ነው የጻፍኳቸው። እናንተ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ታስገቧቸዋላችሁ። «ዳሽ» ስል አጭሯን ሰረዝ ማለቴ ነው፤ ከሷ ቀጥሎ ያለው ቃል ያለ ክፍተት ይለጠፍባታል።

አሻራው ምንድን ነው?

አንድሮይድ ያልተፈረመ አፕ አይጭንም። አፑ የሚፈረመው በግል ቁልፍ ነው። የቁልፉ ሰርተፊኬት፣ ማለትም የቁልፉ መታወቂያ፣ ደግሞ ከአፑ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሰርተፊኬቱ ሻ-1 በሚባለው ስሌት ሲጨመቅ 20 ባይት ይወጣዋል። አሻራ የምንለው እሱን ነው። ሲጻፍ 40 ፊደልና አሃዝ ነው፤ በየሁለቱ መሃል ሁለት ነጥብ ይገባል። ታላቅ ወንድሙ ሻ-256 ደግሞ 32 ባይት ነው፤ 64 ፊደልና አሃዝ። ርዝመታቸውን አይታችሁ ብቻ ትለዩአቸዋላችሁ።

ጎግል ይሄን ለምን ፈለገው? የፓኬጅ ስም፣ ማለትም አፑ የሚታወቅበትን መለያ፣ ማንም መኮረጅ ይችላል። የግል ቁልፉን ግን መኮረጅ አይችልም። ስለዚህ ተጠቃሚው «በጎግል ግባ» የሚለውን ሲነካ፣ ስልኩ ላይ ያለው ፕሌይ ሰርቪስስ የሚባለው የጎግል ፕሮግራም ሁለት ነገር ያያል፦ የፓኬጁን ስምና የሰርተፊኬቱን አሻራ። ጥንዱ ጎግል ዘንድ ካልተመዘገበ በሩ አይከፈትም። ሎጉ ላይ የሚወጣው ስህተት ብዙ ጊዜ ቁጥር 10 ነው፤ ስሙም «ዴቨሎፐር ኤረር»። ስሙ ራሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራል።

አሻራ ምስጢር አይደለም። ለቡድን ጓደኛ በቴሌግራም ብትልኩት ምንም አይመጣም። ምስጢሩ የኪስቶር ፋይሉ፣ ማለትም ቁልፉ የሚቀመጥበት ፋይል፣ እና ፓስወርዱ ነው። «ሻ-1 ተሰብሯል ይባል የለ እንዴ?» የሚለኝም አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ጎግልና አምስተርዳም ያለው ሲደብሊውአይ የተባለው የምርምር ተቋም ሻ-1ቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች ሰርተው አሳይተዋል። ግን እነሱ ሁለቱንም ፋይል ራሳቸው ናቸው ያዘጋጁት። ቀድሞ ካለ ከእናንተ ሰርተፊኬት ጋር የሚገጥም ሌላ መስራት ከዚያ እጅግ የከበደ ሌላ ስራ ነው።

ደረጃ 1፦ የላፕቶፓችሁ የሙከራ አሻራ

አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ «ረን» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ የምትጭኑት አፕ የሚፈረመው በሙከራ ቁልፍ ነው፤ ዲበግ ኪስቶር ይሉታል። መጀመሪያ አፕ ስትሰሩ ራሱ ይፈጠራል። ማንም አልነገራችሁም፣ ማንም አልጠየቃችሁም።

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ተርሚናሉን ፕሮጀክቱ ውስጥ ክፈቱ። አፑን የሰራችሁት ፍላተር ወይም ሪአክት ኔቲቭ በሚባሉት መስሪያዎች ከሆነ መጀመሪያ «አንድሮይድ» ወደሚባለው ፎልደር ግቡ፤ ይሄን ረስቶ «ትእዛዙ የለም ይለኛል» የሚል ብዙ ነው። ከዚያ ማክና ሊኑክስ ላይ ነጥብ፣ ስላሽ፣ ቀጥሎ «ግሬድል» ብላችሁ መጨረሻው ላይ «ደብሊው» ለጥፉበት። አንድ ክፍተት ተዉና «ሳይኒንግሪፖርት» በሉ። ይሄ አንድ ቃል ነው፤ የሪፖርት «አር» ብቻ ትልቅ ፊደል ትሆናለች። ዊንዶውስ ፓወርሼል ላይ ስላሹ ወደ ግራ ያጋደለው ነው። በተለመደው ጥቁር መስኮት ከሆነ ነጥቡም ስላሹም አያስፈልግም።

ፕሮጀክቱን ገና አሁን ያወረዳችሁት ከሆነ ግሬድል፣ ማለትም ኮዱን ወደ አፕ የሚቀይረው መሳሪያ፣ ራሱን ለማውረድ ብቻ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይበላል። የኢንተርኔት ፓኬጅ ሊያልቅባችሁ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ጠብቁ።

ሲጨርስ ረጅም ጽሁፍ ይተፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አይኑ መጀመሪያ ያረፈበትን ሻ-1 ኮፒ አድርጎ ይሮጣል። ተረጋጉ። ጽሁፉ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። የየክፍሉ የመጀመሪያ መስመር «ቫሪያንት» ይላል፤ «ዲበግ» (የሙከራው) ነው ወይስ «ሪሊስ» (ለሰው የሚሰጠው)? ከዚያ «ስቶር» የሚለውን አንብቡ። ቁልፉ የተወሰደበት ፋይል ሙሉ አድራሻ እሱ ነው። «አሊያስ» የቁልፉ ስም ነው። ከነሱ በታች ነው ሻ-1 እና ሻ-256 የሚመጡት። ስቶሩ ላይ «ነል» ካለ ለዚያ ቫሪያንት ቁልፍ አልተመደበለትም ማለት ነው፤ አሻራ አትፈልጉበት።

ሪአክት ኔቲቭ ላይ ይቺ የስቶር መስመር ወርቅ ናት። ፕሮጀክቱ የራሱን ዲበግ ኪስቶር «አፕ» ፎልደር ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለውን አይጠቀምም። ቴምፕሌቱ ለሁሉም አንድ ስለሆነም የብዙ ሰው ሻ-1 ያው ነው፤ 5 ኢ፣ 8 ኤፍ ብሎ ይጀምራል። ከሆም ፎልደር ያወጣችሁትን አስመዝግባችሁ ቀኑን ሙሉ «ለምን እምቢ አለ» ብትሉ አይፈረድባችሁም።

ግሬድል አልሰራ ካለ ሁለተኛው መንገድ ኪይቱል ነው። ከጃቫ ጋር የሚመጣ ትንሽ መሳሪያ ነው። «አላውቀውም» ካላችሁ ጃቫ ልታወርዱ አትሩጡ፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ጄቢአር» የሚል አለ፣ እሱ ውስጥ «ቢን»፣ እዛ ተቀምጧል። ትእዛዙ እንዲህ ይነበባል፦ ኪይቱል፣ ዳሽ ሊስት፣ ዳሽ ቪ፣ ዳሽ ኪስቶር፣ ከዚያ የፋይሉ አድራሻ። ፋይሉ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ባለው በነጥብ በሚጀምረው «አንድሮይድ» ፎልደር ነው ያለው፤ ስሙ «ዲበግ ነጥብ ኪስቶር»። ፓስወርድ ሲጠይቅ «አንድሮይድ» ብላችሁ በትንንሽ ፊደል ጻፉ። የሁሉም ሰው አንድ ነው። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። «ዳሽ ቪ»ን ከረሳችሁ አዳዲሶቹ ጃቫዎች የሚያሳዩት ሻ-256ን ብቻ ነው።

ከሪአክት ኔቲቭ በቀር የሙከራ ቁልፉ የላፕቶፑ እንጂ የፕሮጀክቱ አይደለም። ሶስት ሆናችሁ የምትሰሩ ከሆነ ሶስት አሻራ አለ፤ ሶስቱም ይመዝገብ። ላፕቶፕ ፎርማት ከተደረገ አሻራው ይቀየራል። መሰልቸት ካልፈለጋችሁ አንዱን ዲበግ ኪስቶር ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡና ሁላችሁም በሱ ፈርሙ። ለሙከራ ቁልፍ ይሄ ነውር አይደለም። ለዋናው ግን በጭራሽ።

ደረጃ 2፦ የራሳችሁ ዋና ቁልፍ

ለሰው የሚሰጥ አፕ በራሳችሁ ቁልፍ ይፈረማል። እስካሁን ከሌላችሁ በኪይቱል ፍጠሩት፦ ዳሽ ጄንኪፔር፣ ዳሽ ቪ፣ ዳሽ ኪስቶር ከነፋይሉ ስም፣ ዳሽ ኪአልግ አርኤስኤ፣ ዳሽ ኪሳይዝ 2048፣ ዳሽ ቫሊዲቲ 10000፣ ዳሽ አሊያስ ከነስሙ። 10000 የሚለው ቀን ነው፤ ወደ 27 ዓመት ይሆናል። ፕሌይ እስከ ኦክቶበር 22 ቀን 2033 እ.ኤ.አ. የማይዘልቅ ሰርተፊኬት ስለማይቀበል በዕድሜው ላይ አትቆጥቡ። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡት። አንዱ ላፕቶፑ ውስጥ ከሆነ ሌላው ላፕቶፑ ውስጥ አይሁን።

አሻራውን የምታወጡት በዚያው በሊስት ትእዛዝ ነው፤ የሚቀየረው የፋይሉ አድራሻና ፓስወርዱ ብቻ ነው። ፓስወርዱን ትእዛዙ ላይ አትጻፉት፤ የተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ሲጠይቃችሁ አስገቡ። አሊያሱን ከረሳችሁም ችግር የለም፤ ካልጠቀሳችሁት ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቁልፎች ሁሉ ይዘረዝርላችኋል።

ፍላተር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አዲስ ፕሮጀክት ስትፈጥሩ የሪሊስ ቢልዱ የሚፈረመው በዲበግ ቁልፍ ነው፤ ግሬድል ፋይሉ ላይ «ለጊዜው ነው» የሚል ማስታወሻ ጽፈውበታል። እናንተ «የሪሊስ ኤፒኬውን (ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) ሞክሬዋለሁ፣ ገብቷል» ትላላችሁ። የሞከራችሁት ግን ያንኑ የድሮውን አሻራ ነው።

ደረጃ 3፦ ፕሌይ ስቶር ላይ የሚፈርመው ሌላ ነው

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

ከኦገስት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሌይ ላይ የሚወጣ አዲስ አፕ የሚላከው በባንድል ነው፤ ባንድል የአፑ ክፍሎች ሁሉ የታሸጉበት፣ ግን እንዳለ ስልክ ላይ የማይጫን ፋይል ነው። ስልክ ላይ የሚጫነውን ኤፒኬ ከባንድሉ የሚያዘጋጀው ጎግል ነው። ካዘጋጀው ደግሞ መፈረም ያለበትም እሱ ነው። ስለዚህ የእናንተ ቁልፍ አሁን የመላኪያ ቁልፍ ሆኗል ማለት ነው። ባንድሉን በሱ ፈርማችሁ ትልካላችሁ። ጎግል «አዎ፣ ከባለቤቱ ነው የመጣው» ብሎ ያረጋግጥና፣ ለተጠቃሚ የሚሄደውን እሱ ዘንድ በተቀመጠው ሌላ ቁልፍ ይፈርማል። ያ ቁልፍ እናንተ ላፕቶፕ ላይ የለም። ኪይቱል ቢፈልግ ቢያስስ አያገኘውም።

አሻራው የሚገኘው ፕሌይ ኮንሶል ላይ ነው፤ አፑን ወደ ስቶር የላካችሁበት ገጽ። አፓችሁን ክፈቱና «አፕ ሳይኒንግ» የሚለውን ገጽ ፈልጉ። ሜኑውን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩት «እዚህ ቦታ ነው» ብዬ አልማልም፤ ከላይ ባለው መፈለጊያ ጻፉት፣ ያመጣላችኋል። ገጹ ላይ ሁለት ሰርተፊኬት አለ። አንዱ የአፕ ሳይኒንግ ኪ፣ ሌላው የአፕሎድ ኪ። ሁለቱም ሻ-1 አላቸው፣ ሁለቱም ያው ይመስላሉ። ከስቶር ላወረደ ሰው የሚሰራው የመጀመሪያው ነው፤ አፕ ሳይኒንግ።

ታዲያ የአፕሎዱ አያስፈልግም? እኛ ጋ ያስፈልጋል። ኤፒኬ ከስቶር በፊት በቴሌግራም ነው የሚዞረው። ለአምስት ጓደኛ «እስቲ ሞክሩልኝ» ብላችሁ የላካችሁት ኤፒኬ በእናንተ ቁልፍ የተፈረመ ነው። ሁለቱንም አስመዝግቡ። ለጓደኞቻችሁም ይሄን ንገሯቸው፦ ከቴሌግራም የጫነ ሰው በዚያው ላይ ከስቶር ማዘመን አይችልም። ፊርማው ስለሚለያይ ስልኩ እምቢ ይላል። አጥፍቶ እንደገና መጫን አለበት፤ ስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ዳታ ካለም አብሮ ይጠፋል።

ፕሌይ ላይ «ኢንተርናል አፕ ሼሪንግ» በሚለው ሊንክ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ እሱም የራሱ ቁልፍ አለው፤ ጎግል በሌላ የሙከራ ሰርተፊኬት እንደገና ይፈርመዋል። የሱንም አሻራ ከዚያው ከኮንሶሉ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 4፦ ማስመዝገብ

ፋየርቤዝ የሚባለውን የጎግል አገልግሎት ለመግቢያው የምትጠቀሙ ከሆነ የፕሮጀክቱን ሴቲንግ ክፈቱ። ወደታች ስትወርዱ አንድሮይድ አፓችሁ አለ፤ እሱ ስር «አድ ፊንገርፕሪንት» የሚል አዝራር ታገኛላችሁ። ለጥፉ፣ ሴቭ በሉ። ያላችሁን ሁሉ አንድ በአንድ ጨምሩ፤ ዲበግ፣ አፕሎድ፣ አፕ ሳይኒንግ። ከዚያ «ጎግል ሰርቪስስ» የሚለውን ጄሰን ፋይል እንደገና አውርዱና «አፕ» ፎልደር ውስጥ ባለው ላይ ተኩት። መግባት አለመግባቱን ለማየት ፋይሉን ክፈቱና የአሻራችሁን የመጀመሪያ ስድስት ፊደላት ፈልጉ። ፋይሉ ውስጥ ያለው በትንንሽ ፊደልና ያለ ሁለት ነጥብ ነው፤ ሁለት ነጥቡን አውጥታችሁ ነው የምትፈልጉት።

ያለ ፋየርቤዝ ከሆነ ጎግል ክላውድ ኮንሶል ላይ ዓይነቱ «አንድሮይድ» የሆነ የኦውዝ ክላየንት፣ ማለትም አፑ ለጎግል መግቢያ የሚመዘገብበትን መዝገብ፣ ትፈጥራላችሁ። የፓኬጁን ስምና ሻ-1ን ይጠይቃል። ለየአሻራው አንድ ክላየንት ነው።

ኮዱ ውስጥ የምታስገቡት ግን የአንድሮይዱን ክላየንት መለያ አይደለም፤ ዓይነቱ «ዌብ» የሆነውን ክላየንት መለያ ነው። የአንድሮይዱ ተመዝግቦ መቀመጡ ብቻ በቂ ነው። ይሄን የቀያየረ ሰውም ያንኑ ቁጥር 10 ያያል። አሻራው ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ።

ስታስመዘግቡ «ሌላ ፕሮጀክት ላይ አለ» ካላችሁ የፓኬጁ ስምና ሻ-1ው ጥንድ ቀድሞ ተይዟል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ራሳችሁ ዓምና ለሙከራ ከፍታችሁ የረሳችሁት ፕሮጀክት ነው። ሄዳችሁ ከዚያ አጥፉት። ከተመዘገበ በኋላም ወዲያው ላይሰራ ይችላል። ከአምስት ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መሃል ኮድ አትነካኩ፤ የሚሰራውን ታበላሻላችሁ።

በስልክ ቁጥር የሚገባ ከሆነ ፋየርቤዝ ሻ-256ንም ይፈልጋል፤ አብራችሁ ጨምሩት። ፌስቡክ ደግሞ ያንኑ ሻ-1 በሌላ አጻጻፍ ይጠይቃል፤ በቤዝ64 የተጻፈ፣ 28 ፊደል፣ መጨረሻው የእኩል ምልክት። ስታወጡት ፓስወርድ ከተሳሳታችሁ ትእዛዙ የስህተቱን መልእክት ራሱን አስልቶ ትክክለኛ የሚመስል 28 ፊደል ይሰጣችኋል። ተጠንቀቁ። አይፎን ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፤ የጎግል መግቢያ እዛ የሚፈልገው የባንድል መለያውን ነው።

ደረጃ 5፦ ግራ ሲገባችሁ አፑን ራሱን ጠይቁት

ግምት ትቶ ማስረጃ ማየት ይሻላል። አንድሮይድ ኤስዲኬ (የአፕ መስሪያ መሳሪያዎቹ ያሉበት ፎልደር) ውስጥ «ቢልድ ቱልስ» የሚል ፎልደር አለ፤ እዛ ውስጥ «ኤፒኬሳይነር» የሚባል መሳሪያ ታገኛላችሁ። ትእዛዙ፦ ኤፒኬሳይነር፣ ቬሪፋይ፣ ሁለት ዳሽ ፕሪንት ዳሽ ሰርትስ፣ ከዚያ የኤፒኬው ፋይል። ሰርተፊኬቱን ከነሻ-256ና ሻ-1ው ያወጣዋል። ለባንድል ግን ኪይቱልን ተጠቀሙ፦ ዳሽ ፕሪንትሰርት፣ ዳሽ ጃርፋይል፣ የባንድሉ ፋይል።

ስልክ ላይ ተጭኖ ያለውንም ማውጣት ይቻላል። እትዬ ቤት ያደረግኩት እሱን ነው። ኬብል ይዤ ሄድኩ። የዴቨሎፐር አማራጭ እንዲከፈት የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ስነካ ሲያዩ «ስልኬን ልታበላሸው ነው እንዴ?» አሉ። ዩኤስቢ ዲበጊንግን አበራሁ። ከላፕቶፑ ስልኩን በኬብል በሚያዘው ኤዲቢ በሚባለው መሳሪያ፣ ኤዲቢ፣ ሼል፣ ፒኤም፣ ፓዝ፣ ከዚያ የፓኬጁን ስም ጻፍኩ፤ ፋይሉ ያለበትን አድራሻ ሰጠኝ። ኤዲቢ፣ ፑል ብዬ «ቤዝ» የሚለውን ኤፒኬ ላፕቶፔ ላይ አወረድኩት። ኤፒኬሳይነር ያወጣው ሻ-1 እኔ ካስመዘገብኩት በመጀመሪያው ፊደል ተለየ። ፕሌይ ኮንሶል ላይ ካለው የአፕ ሳይኒንግ አሻራ ጋር ግን ፊደል በፊደል አንድ ነው።

ኮፒ አድርጌ ፋየርቤዝ ላይ ጨመርኩት። ፍተሻው የሚካሄደው ጎግል ጋ ስለሆነ አዲስ ቨርዥን መላክ አላስፈለገም። አፑንም አላጠፋንም። ሁለተኛው ቡና እስኪፈላ ጠበቅን።

«እስቲ አሁን ይሞክሩት።»

ኢሜላቸውን መረጡ። ብልጭ አለና ገባ። መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ወደታች ሲያወርዱ ቆዩና አንድ በቀይ የተጻፈ ስም ላይ ቆሙ።

«ያንተ የዚህ ሳምንት አልገባም እኮ» አሉኝ።